ራዲዮዋ ለምን ትንተባተባለች?

ያረፍንበት ቤት አባወራ አንዲት ራዲዮ አለቻቸው። ማታ ማታ ዜና ስንሰማ፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር «ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ» እያለች ትንተባተባለች። ዝቅ ሲያደርጓት ትስተካከላለች። «ድንጋዩ አልቋል» አሉ። እኛም «አዎ፣ አልቋል» አልን። በገበያ ቀን አንዲት ዶሮ ሸጡና አራት አዲስ ድንጋይ ገዙ። ራዲዮዋ አንድ ሳምንት ደህና ተናገረች። ከዚያ ያው «ቡፍ ቡፍ» ተመለሰ።

ኤሌክትሪክ የሚማረው ጓደኛችን መለኪያ ነበረውና ድንጋዮቹን ለካ። የኤሌክትሪክ ግፊት የሚለካው በቮልት ነው። አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል። አራቱ ሲደረደሩ 6 ቮልት ይሆናሉ። ራዲዮዋ ተዘግታ ሲለካ 5.6 ቮልት ተገኘ። ይህ ደህና ነው። ተከፍታ ድምፁ ከፍ ሲል ግን የመለኪያው ቀስት ወደ 4.8 ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይን አንገቱ እየጠበበ እንደሚሄድ ቅል አስቡት። የድንጋዩ ልባስ ዚንክ የሚባል ብረት ነው። ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር ዚንኩ ይበላል፣ ኤሌክትሪኩ የሚወጣበትም መንገድ ይጠብባል። ቅሉ ውስጥ ገና ውሃ አለ። በጥቂቱ ለሚቀዳ ሰው ይበቃል። ባንድ ጊዜ ልጨልጥ ለሚል ግን አይወርድም። ራዲዮ ድምፁ ከፍ ሲል ብዙ ኤሌክትሪክ ባንድ ጊዜ ይጨልጣል። ያን ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ድምፁ ይቆረጣል፤ ድምፁ ሲቆረጥ ግፊቱ ይመለሳል። «ቡፍ ቡፍ» ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ አንገቱ ጠባብ ከሆነ ከቅሉ ሥር ጣሳ ቢቀመጥስ? ቅሉ ቀስ ብሎ ጣሳውን ይሞላል። የጠማው ከጣሳው ይጨልጣል፣ እስኪመለስ ጣሳው ደግሞ ይሞላል። ራዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ከድንጋዩ ቀጥሎ ካፓሲተር የሚባል፣ ትንሽ በርሜል የመሰለ ዕቃ ያስገባሉ። ጣሳው እሱ ነው። በውስጡ እርጥበት አለ፤ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። በአባወራው ራዲዮ ውስጥ ያለው ደርቆ ኖሯል። አዲሶቹ ድንጋዮች አንገታቸው ገና ሰፊ ስለሆነ ለአንድ ሳምንት ጉዳቱን ሸፈኑት እንጂ አላዳኑትም።

በእጅ ስልክም ያው ነው። ስልክ ከማማው ጋር ሲነጋገር ኤሌክትሪክ የሚስበው ባንዴ ባንዴ እየጎረሰ ነው፤ ማማው ሲርቅ ጉርሻው ይበዛል። የስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሊያልቅ ሲል ወደ 3 ቮልት ይሆናል። በስልኩ ውስጥ ያሉት ስስ ዕቃዎች ግን ይህን መዋዠቅ አይችሉም። ስለዚህ የግፊት መቆጣጠሪያ ይገባላቸዋል። ሥራው ወንዙ ቢሞላም ቢጎድልም ወደ መደቡ የሚገባው ውሃ እኩል እንዲሆን ቦዩን ጠበቅ ላላ እንደሚያደርግ ገበሬ ነው። ወንዙ ከቦዩ አፍ በታች ከወረደ ግን ገበሬውም ምንም ማድረግ አይችልም። ያረጀ ባትሪ «30 ከመቶ አለኝ» እያለ፣ ልደውል ሲሉ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው።

አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ። አራቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ከደከመ ሦስቱንም ይይዛቸዋል። ሦስቱ ደግሞ የደከመውን እየገፉ ያስነክሱታል ማለት ይቻላል፤ ልባሱ ተበልቶ ውሃው ይፈስና የራዲዮውን ብረት ያዝገዋል። ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ልማድ ነው። እውነትም ሙቀት ለጊዜው ያነቃዋል፤ ቶሎ እንዲያፈስም ያደርገዋል። እሳት ውስጥ መጣል ግን ፈጽሞ አይገባም፣ ይፈነዳል። ራዲዮው ለብዙ ጊዜ የማይከፈት ከሆነ ድንጋዩን አውጡለት።

ከተማ ያለ ራዲዮ ጠጋኝ ትንሿን በርሜል ለወጣት። አባወራው ያስወጧቸውን አሮጌ አራት ድንጋዮች አልጣሏቸውም ነበርና መልሰው ከተቷቸው። ራዲዮዋ ሳትንተባተብ ሌላ ሁለት ሳምንት ሠራች። የዶሮዋ ነገር ግን እስካሁን ይቆጫቸዋል፤ እንቁላል ጣይ ነበረች።