የመንዝ ባና በድምፅ ቀረጻ ክፍል

ቤቱ ውስጥ ትረካ የሚቀርጽ ሰው ድምፁ አልጠራ ሲለው መጀመሪያ የሚያስበው የተሻለ ማይክ መግዛትን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የክፍሉ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በመንዝ የመሐል ሜዳ ሰው መድኃኒቱን ለብሶት ያድራል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ደጋ ሴቶች የመንዝን በግ ፀጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔዎች ባናና ዝተት የሚባል የሱፍ ብርድ ልብስ አድርገው ይሠሩታል። ይህ ሱፍ ለቀረጻ የሚረዳው እንዲህ ነው፤ ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ልሙጥ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ንዝረቱን መልሰው ይልኩታል። ሱፍ ውስጥ የገባው ግን ከክሮቹ ጋር እየተፋተገ ጉልበቱ ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል።

የድምፁ ከግድግዳ መመለስ ለአማርኛ ተራኪ ትልቅ ጉዳይ ነው። «ይበላል» ስንል በላተኛውን ይሁን ምግቡን የሚለየው የ«በ»ና የ«ላ» መላላትና መጥበቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁ ፊደላትን በነጥብ ለይተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የነጥቡን ሥራ የሠራው አንደበቱ ነው። መጥበቅ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ቆይታ ነው። ሁለት ሜትር ከራቀ ግድግዳ የሚመለስ ድምፅም በ12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ከየአቅጣጫው ሲደራረብ ያችን ቆይታ ያደበዝዛታል።

ብዙዎቹ የትረካ ማይኮች ከፊታቸው ያለውን አጉልተው፣ ከጀርባቸው ያለውን ቀንሰው ይሰማሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ባና የሚሰቀለው ከተራኪው ጀርባ ነው፤ ቀጥሎ በግራና በቀኝ። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ወፈር ያለውንም ድምፅ ይቀንሳል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ግን ቀጭኑን ብቻ ወስዶ የታፈነ ትረካ ይተዋል።

አፍና ማይክ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ የተራኪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጎላል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ማይኩን ከአፍ ትይዩ ትንሽ ዘወር ማድረግ የ«ፐ»ና የ«በ» ትንፋሽ እንዳይመታው ይረዳል። ተራኪው ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ቦታ የድምፅ መጠን ቆጣሪው ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ቢያሳይ በቂ ነው።

ባና የውጭ ጫጫታ አያግድም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ወይም ነፋሱ ሲበረታ ቀረጻውን ማቆየት ይሻላል።

ባናው ከመሰቀሉ በፊትና በኋላ ክፍሉ መሐል ቆሞ ማጨብጨብ ለውጡን ወዲያው ያሳያል። ጭብጨባው ሳይንጫረር ቁርጥ ካለና ቅጂው አሁንም ካልጠራ፣ ስለ አዲስ ማይክ ማሰብ የሚገባው ያኔ ነው።