መርፌው፣ ማሽኑና ቅቤው

ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጆሮዋ ተበስቶ እንዲታይላቸው የሚቸኩሉ አያቶች አሉ። መሣሪያቸው የልብስ መርፌ፣ ጥቁር ክር፣ ክብሪትና ትንሽ ቅቤ ነው። በከተማ የውበት ሳሎኑ ማሽን መርፌውን እየተካው ነው፤ አብረውት የኖሩት እምነቶች ግን ከቤት አልወጡም።

“በእሳት ያለፈ መርፌ ምን ይይዘዋል?” ይባላል። እሳት ጀርም መግደሉ አያከራክርም። ችግሩ ከእሳቱ በኋላ ነው፦ እንዲበርድ ይተነፈስበታል፣ ጥላሸቱ በቀሚስ ጫፍ ይጠረጋል፣ ከዚያም ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ክር ይከተለዋል። ሐኪም ቤት መሣሪያ የሚመክነው በ121 ዲግሪ በታመቀ እንፋሎት ነው፤ ክብሪት ያን አይተካም። ይልቅ የሚያስፈራው ያው መርፌ ለጎረቤት ልጅም መዋሉ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል።

“በማሽን ከሆነማ ንጹሕ ነው” የሚለው ደግሞ የከተማው ተረት ነው። እኔ እንዲያውም ከአያት መርፌ ይልቅ በዚህ እሠጋለሁ፤ ዘመናዊ መስሎ ያዘናጋልና። ስለታም መርፌ ቀዳዳውን ቆርጦ ያልፋል፤ ማሽኑ ግን የጉትቻውን ዶልዶም ጫፍ በስፕሪንግ ጉልበት ገፍቶ ሥጋውን ይጨፈልቃል። ብዙዎቹ ማሽኖች ፕላስቲክ ስለሆኑ እንፋሎቱን አይችሉም፤ በደንበኞች መካከል የሚደረግላቸው በአልኮል መወልወል ብቻ ነው። የታችኛው ለስላሳ ጆሮ ይህን ብዙ ጊዜ ይታገሠዋል። የላይኛው ልም አጥንት ግን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ኢንፌክሽን ከገባበት የሰውነት መከላከያ ቶሎ አይደርስለትም፣ ጆሮውም ቅርጹን አጥቶ ሊኮማተር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ልም አጥንታቸውን የተበሱ ሰዎች ጆሮ ሱዶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ አመርቅዞ ነበር። ምንጩ ሲፈለግ ተበክሎ የተገኘው ማጽጃው ራሱ የሚረጭበት ጠርሙስ ነው።

ወደ ቅቤው ስንመጣ፣ ማለስለሱ እውነት ነው፤ ግን ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ቁስሉንም ይደፍነዋል። የፋርማሲ ቅባት አብዝቶ መለቅለቅም ያው መድፈን ነው። አልኮልና ፐሮክሳይድ ሲያቃጥሉ “እየሠራ ነው” እንላለን፤ የሚያቃጥሉት ግን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ጭምር ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ በቀን ሁለቴ ቁስሉን በኖርማል ሳላይን ማጠብ ይበቃል። “ጉትቻው እንዳይጣበቅ ማዞር” የሚባለውም ይቅር፤ ቅርፊቱን ቀዶ ቁስሉን እንደገና ይከፍታል። ለስላሳው ክፍል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲፈልግ፣ ልም አጥንቱ ዓመት ሊሞላው ይችላል።

“ወርቅ አያመረቅዝም” ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ቆዳን የሚያሳክከው ኒኬል ነውና ከእሱ የጸዳ ባለ 14 ካራት ወርቅ ወይም ለሕክምና የሚውል ቲታኒየም ይሻላል። ወርቅ ቅብ ግን ቅቡ ሲለቅ ሥሩ ያለው ብረት ይወጣል። ከወርቅም የተሠራ ቢሆን ቆሻሻ እጅ ከነካው ያመረቅዛል።

አያቶች በአንድ ነገር ሳይሻሉን አልቀሩም። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያብጠው ኬሎይድ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ11 ዓመት በኋላ በተበሱት ላይ በይበልጥ እንደሚታይ አመልክቷል። ስለዚህ በልጅነት መብሳት ሞኝነት አይደለም። የሚጎድለው የክትባቱን ካርድ ማየት ነው። ከመንጋጋ ቆልፍና ከሄፓታይተስ ቢ የሚከላከለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ሕፃኗ በክርስትናዋ ቀን የወሰደችው ሁለቱን ነው፤ ሦስተኛው የ98 ቀን ልጅ ስትሆን ነው። 18 ቀን መታገሥ ነው እንግዲህ።

ጆሮው ካመረቀዘ ብዙ እናቶች መጀመሪያ ጉትቻውን ያወጣሉ። ቀዳዳው ከላይ ሲገጥም መግሉ ውስጥ ሊታሰር ይችላልና ከማውጣት በፊት ሐኪም ይየው። ልም አጥንቱ ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ከሆነ ቀን አይሰጠውም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መጠበቅም አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ሱዶሞናስን አይገድለውም።