በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታይ ፍቺ፦ የባልና የሚስት መብቶች

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚኖሩና በኒካህ የተጋቡ ባልና ሚስት ትዳራቸው እንዲፈርስ ሲፈልጉ ጉዳያቸው በመደበኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ወይም በፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚዳኛቸው የሚወሰነው በሁለቱም ወገኖች ፈቃድ በመሆኑ፣ ባለጉዳዮች ምርጫቸውን ከማሳወቃቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲገነዘቡ ያስፈልጋል።

ፍቺ በእስልምና ሕግ

ቁርአን ባልና ሚስት ሲጋጩ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ ተመርጠው እንዲያስታርቋቸው ያዛል (4፡35)። እርቁ ካልተሳካ ባል ጦላቅ የመስጠት መብት አለው። ይሁን እንጂ ሚስቱን ሊመልስ የሚችልበት ጦላቅ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰጣትንም መህር መልሶ መውሰድ በመርሕ ደረጃ ተከልክሏል (2፡229)። በዒዳ ጊዜ መኖሪያ ሊያዘጋጅላት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነችም እስክትወልድ ቀለቧን ሊሸፍን ይገባል (65፡6)።

ሚስትም ከትዳሩ የምትወጣበት መንገድ አላት። መህሩን በመመለስ በኹልእ መለያየት ትችላለች። ባል ቀለብ የነፈጋት ወይም ጉዳት ያደረሰባት እንደሆነ ደግሞ ቃዲው ጋብቻውን እንዲያፈርስላት መጠየቅ ትችላለች፤ ይህ ፋስኽ ይባላል። ተቀባይነት የሚያገኙት ምክንያቶች እንደየመዝሀቡ ይለያያሉ።

በመደበኛው ፍርድ ቤት ያለው ልዩነት

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ባልም ሆነ ሚስት ፍቺ የመጠየቅ እኩል መብት አላቸው። የጋራ ንብረትም በመርሕ ደረጃ እኩል ይከፈላል። በእስልምና ሕግ ግን የባልና የሚስት ሀብት በመርሕ ደረጃ የተለያየ ነው። በመሆኑም የፍርድ ቤቱ ምርጫ የንብረት ክፍፍሉን ውጤት ሊለውጥ ይችላል።

ፈቃደኝነት እና መጥሪያ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ሕግ የሚዳኙት በተከራካሪዎች ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ያጸናል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተቃውሞዋን እየገለጸች ያለፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘቷ ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን አረጋግጧል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ መጥሪያ በአግባቡ የደረሰው ተከራካሪ ሳይቀርብ ከቀረ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። ስለዚህ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የማይፈልግ ሰው ከቤት በመቅረት ሳይሆን በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ተቃውሞውን በግልጽ በማሰማት መብቱን ያስከብራል። ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የመደበኛው ፍርድ ቤት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ የተጀመረውን ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም።

ከውሳኔ በኋላ

ፍቺው በፍርድ ቤት ከተወሰነ በኋላ ባለጉዳዮች የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው በወረዳቸው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ፍቺውን እንዲያስመዘግቡ ያስፈልጋል። መጥሪያ የደረሳችሁ ባለጉዳዮች የቀጠሮውን ቀን አስቀድማችሁ በማረጋገጥ፣ የኒካህ ማስረጃችሁን በመያዝና የሕግ ምክር በማግኘት እንድትቀርቡ እናሳስባለን።