በሜዳ የተገኘ መንጋጋ ምን ይመሰክራል?

ከብት ከግጦሽ ሳይመለስ ቀርቶ ከወራት በኋላ በገደል ሥር ወይም በወንዝ ዳር የመንጋጋ አጥንት ሲገኝ፣ ጉዳዩ ወደ ገበሬ ማኅበር መሪዎችና ወደ አገር ሽማግሌዎች መምጣቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ «የእኔ ጊደር ናት» ይላል። የተጠረጠረው ጎረቤት «የአህያ አጥንት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ጅብ በላት ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይሻል። ሰው በከብት ሌብነት ከመወንጀሉ በፊት አጥንቱን ራሱን በጥንቃቄ መመርመር ተገቢ ነው። ጥርስ ከአካል ሁሉ ጠንካራው ክፍል በመሆኑ፣ ሌላው አጥንት ካለቀ በኋላም ስለሚቆይ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ በእጅጉ ይጠቅማል።

ሆኖም አጥንቱን ከመንካት በፊት ጥንቃቄ ይቀድማል። እንስሳው በድንገት የሞተ፣ በተለይም ከአፉ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የፈሰሰው ከነበረ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በአጥንትም ይተላለፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አጥንት በባዶ እጅ ማንሣት ወይም ወደ መንደር ማስገባት አይገባም። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቆ እርሱ በሚያዘው መሠረት ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ይገባል።

እንዲህ ያለ ሥጋት ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው የፊት ጥርስ ነው። ላም፣ በሬ፣ በግና ፍየል በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ በቦታው ያለው ጠንካራ ድድ ብቻ ነው። በታችኛው ግን 8 አላቸው። አህያ፣ ፈረስና በቅሎ ከላይም 6፣ ከታችም 6 የፊት ጥርስ ስላላቸው፣ የላይኛው መንጋጋ ከነፊቱ ከተገኘ ክርክሩ ወዲያው ያበቃል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የታችኛው፣ ያም የፊት ጥርሱ የረገፈው መሆኑ ነው። የከብት የፊት ጥርስ ሥሩ ልል በመሆኑ ሥጋው ሲበሰብስ ቶሎ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የጥርሱ ጉድጓዶች ይቆጠራሉ።

ሌላም ምልክት አለ። የከብት፣ የበግና የፍየል የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኙ አገጩ ላይ ስለማይዋሐድ ሲደርቅ ለሁለት ይለያያል፤ በሜዳ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ግማሹ ነው። የአህያ ግን ገና በውርንጭላነቱ ስለሚዋሐድ፣ ካልተሰበረ በቀር ሁለቱ ወገን እንደ ተያያዘ ይገኛል። የመንጋጋ ጥርሱ ማኘኪያ ገጽም ይለያል። በከብት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፉ መስመሮች ይታያሉ፤ በአህያ ላይ ደግሞ መስመሩ የተጠማዘዘና የተወሳሰበ ነው። በከብት የኋላ ጥርሶች ጎን እንደ ቀጭን ምሰሶ የቆመ ትርፍ አካል ሲኖር፣ በበግና በፍየል ይህ የለም። በግን ከፍየል በጥርስ ብቻ መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። ሚዳቋ፣ ድኩላና አጋዘንም እንደ በግና እንደ ፍየል የሚያመሰኩ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ በዱር አቅራቢያ የተገኘ ትንሽ መንጋጋ ሁሉ የጎረቤት ፍየል አይደለምና።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚቆርጠው ዕድሜው ነው። ገበሬው ወይፈን ሲገዛ አፉን ከፍቶ የፊት ጥርሱን እንደሚያይ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ቋሚ ጥርስ በ2 ዓመት ገደማ ይወጣል፤ የመጨረሻው ጥንድ ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይሞላል። የፊት ጥርሱ ከረገፈ ግን የኋላ ጥርስ ይቆጠራል። ከ6 ወር በታች ያለ ጥጃ በአንድ ወገን 3 የኋላ ጥርስ ብቻ አለው። በዓመቱ 4፣ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ 5፣ ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ደግሞ 6 ይሆናል። ዘሩና መኖው ጥቂት ያዘገየዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። እንግዲህ የጠፋችው የዓመት ጊደር ከሆነች፣ የተገኘው መንጋጋ ግን 6 ጥርስ ያለውና የመጨረሻው እንኳ የተበላ ከሆነ፣ የእርሷ ሊሆን ከቶ አይችልም። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፤ በታችኛው መንጋጋ ሦስተኛው ጥርስ ሦስት ክፍል ያለው ሆኖ ከተገኘ ገና ያልተለወጠ የወተት ጥርስ ነው፤ እንስሳው ወጣት ነበር ማለት ነው።

ጅብ ነው ወይስ ቢላዋ ለሚለው ጥያቄ የአጥንቱ ገጽ ይታይ። ጅብ የቆረጠመው ጫፉና ማዕዘኑ ተበልቶ የጥርስ ጉድጓድና ሰፋፊ ጭረት ይኖረዋል። ቢላዋ ቀጭንና ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል፤ ምላስ ሲወጣ የሚሰነጠረው በመንጋጋው የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱም ምልክት በአንድ አጥንት ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ሰው ያረደውን ጅብ ያነሣዋልና። የጅብ ጥርስ ብቻ መታየቱም ጅብ ገደለው ማለት አይደለም፤ በበሽታ የሞተውንም ይበላል። መንጋጋ የጆሮ ምልክትም ሆነ ማኅተም የለውም። የእንስሳውን ዓይነትና ዕድሜ ይናገራል፤ የባለቤቱን ስም ግን አይናገርም። ስለዚህ ንጹሑን ሰው ለማዳን ይበቃል፤ ለመፍረድ ግን ብቻውን አይበቃም።

በአፋርና በኦሞ አካባቢ ያሉ መሪዎች ሌላም ነገር ይገጥማቸዋል። የተገኘው ጥርስ እንደ ድንጋይ የከበደና ቀለሙ የተለወጠ ከሆነ የጠፋ ከብት አይደለም፤ ከብዙ ሺሕ ወይም ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ፍጡር ቅሪት ሊሆን ይችላል። በ2005 ዓ.ም. በአፋር ሌዲ ገራሩ በተባለው ቦታ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቻላቸው ሥዩም ያገኘው 5 ጥርስ ያለው የግራ ግማሽ መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ወገን ቅሪት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲገኝ ከቦታው ሳይነሣና ሳይታጠብ፣ ቦታው ምልክት ተደርጎበት ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወዲያው ይነገራል፤ ከወደቀበት ከተነሣ በኋላ ዕድሜውን ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል።