ሁለት ለአንድ ተጎትቶ አቻ? ቬክተርን ቱላ ሜዳ ላይ በጨዋታ

እስቲ አንድ ጥያቄ። ሁለት ልጆች በአንድ በኩል፣ አንድ ልጅ በሌላ በኩል ሆነው ገመድ ይጓተታሉ። የሦስቱም ጉልበት እኩል ነው። ማን ያሸንፋል?

"ሁለቱ ናቸዋ!" ካላችሁ ቸኩላችኋል። ሁለቱ ወዴት ወዴት እንደሚጎትቱ ሳይታወቅ መልስ የለም። የቬክተር ነገር በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚጀምረው በቬክተር ነው፤ 11ኛ ክፍል ላይም ተመልሶ ይመጣል። ተማሪው ደግሞ ናቹራል ወይስ ሶሻል ብሎ የሚመርጠው በዚሁ መሃል ነው። መግቢያው ላይ "ፊዚክስ ለኔ አልተፈጠረም" ያለ ልጅ መንገዱን እዚያው ይቀይራል።

የ12ኛ ክፍል ውጤትንም ታስታውሳላችሁ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥፋቱ የቬክተር ነው አንልም። ግን ኃይል፣ እንቅስቃሴ፣ የኤሌክትሪክ መስክ ሁሉም እሱ ላይ ነው የሚቆሙት።

ቬክተር ምንድን ነው?

"ከቱላ ተነስተህ 10 ኪሎ ሜትር ሂድ" ብንልህ የት ትደርሳለህ? ወደ ሰሜን ከሄድክ ወደ ሐዋሳ መሃል፣ ወደ ደቡብ ከሄድክ ወደ ይርጋለም አቅጣጫ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ መድረሻው ግን ለየቅል። መጠንም አቅጣጫም ሲኖረው ቬክተር ይባላል። እንደ ኪሎና እንደ ሰዓት መጠን ብቻ ከሆነ ስኬላር ነው። በቃ።

ጨዋታ አንድ፦ ችካሉን አግኝ

የሚያስፈልገው፦ በየ1 ሜትሩ የተቋጠረ የ10 ሜትር ገመድ፣ ኮምፓስ ያለው ስልክ፣ ችካል፣ አራት ቁራጭ ወረቀት። የክፍሉ ልጆች ስድስት ስድስት ሆነው ይቧደናሉ። ወረቀቶቹ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

- 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ
- 5 ሜትር ወደ ሰሜን
- 8 ሜትር ወደ ምዕራብ
- 2 ሜትር ወደ ደቡብ

መጀመሪያ ማንም አይራመድም። ቡድኑ መድረሻውን በወረቀት ያሰላል፣ እዚያም ችካል ይተክላል። ከዚያ ወረቀቶቹን በውዞ በወጣለት ቅደም ተከተል እየለካ ይሄዳል። ከችካሉ በትንሹ የራቀ ቡድን ያሸንፋል።

ስሌቱ ይኸው፦ ምሥራቅ 12 ሲቀነስ ምዕራብ 8፣ ወደ ምሥራቅ 4 ይቀራል። ሰሜን 5 ሲቀነስ ደቡብ 2፣ ወደ ሰሜን 3 ይቀራል። 4 እና 3 በፓይታጎረስ 5 ይሰጣሉ። ስለዚህ መድረሻው ከመነሻው 5 ሜትር ነው፣ ስልኩ ላይ ያለው ኮምፓስ ደግሞ ወደ 53 ዲግሪ ያሳያል።

አሁን ልብ በሉ። እግራችሁ የሄደው 27 ሜትር ነው፣ የራቃችሁት ግን 5 ሜትር ብቻ። መጽሐፉ የመጀመሪያውን ዲስታንስ፣ ሁለተኛውን ዲስፕሌስመንት ይለዋል። ቅደም ተከተሉን ያቀያየሩት ቡድኖችም ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኙት። ቬክተር ሲደመር የትኛው ይቅደም የሚል ጣጣ የለም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኮምፓሱን ከብረት ጎል አጠገብ አታንብቡት፣ ብረት ያሳስተዋል።

ጨዋታ ሁለት፦ ሁለት ለአንድ

ሦስት ገመድ አንድ ቋጠሮ ላይ እሰሩ። ሦስት ልጆች አንዳንድ ጫፍ ይዘው በእኩል ጉልበት ይጎትቱ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከጎተቱ አንዱ አለቀለት። አሁን ሁለቱ ቀስ በቀስ ይራራቁ። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ሲደርስ ቋጠሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለምን? እያንዳንዱ በ100 ኒውተን ቢጎትት፣ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ 200 ይሆናሉ፣ በ90 ዲግሪ ወደ 141 ይወርዳሉ፣ በ120 ዲግሪ ደግሞ 100 ብቻ ይቀራቸዋል። ከአንዱ ልጅ ጋር አቻ! የቀረው ጉልበታቸው እርስ በርስ በመጓተት ነው ያለቀው። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ በድንገትም አትልቀቁት።

ለመምህራን

ሥራ ክፍፍሉ በየዙሩ ይቀያየር፦ አንባቢ፣ ኮምፓስ ያዥ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ፣ አስሊ። አለዚያ ጎበዙ ብቻ ያሰላል፣ ዝምተኛዋ ልጅ ሁሌ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች።

ሌላው ቋንቋ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ከሐሳቡም ከቃሉም ጋር ነው የሚታገለው። ሜዳ ላይ በሲዳምኛም ይሁን በአማርኛ ይከራከሩ። ሐሳቡ ከገባቸው በኋላ "ያ ያገኛችሁት ችካል ሪዛልታንት ይባላል" ብትሏቸው ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

እና "ይሄ ለኑሮ ምን ያደርጋል?" ለምትሉ፦ ስልካችሁን ወደ ጎን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው፣ ውስጡ ያለው ሴንሰር የመሬት ስበትን በሦስት አቅጣጫ ከፋፍሎ ስለሚለካ ነው። ቬክተር ኪሳችሁ ውስጥ ነው ያለው።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፣ ወጪውም ገመድ ብቻ። ይህን ለፊዚክስ መምህራችሁ አሳዩና ሜዳ ውጡ።