የስንት ፈረስ ሞተር ልግዛ?

ባሕር ዳር ተቀምጦ የጀልባ ሞተር የሚፈታና የሚገጥም ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጀልባዬ አልሮጥ አለች፣ የስንት ፈረስ ሞተር ልግዛ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞት ነው የሚመጣው። አርባ ያለው ስድሳ፣ ስድሳ ያለው ሰባ አምስት ይፈልጋል። ከእኔ የሚጠብቀው «ይሁን» የምትል ቃል ብቻ ናት። እኔ ግን ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ሙሉ ጋዝ ስትሰጣት በደቂቃ ስንት ዙር ትዞራለች?»

ብዙዎቹ አያውቁትም። እንዴትስ ይወቁት? ወደ እኔ ከሚመጡት ጀልባዎች አብዛኞቹ ዙር ቆጣሪ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ መርፌው ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ሽቦዋ በካንዴላ ገመድ ላይ ተጠምጥማ ዙር የምታነብ ትንሽ መሣሪያ ይዤ አብሬያቸው ሐይቁ ላይ እወጣለሁ። ለብዙ ሞተሮች ፋብሪካው የሚያዘው በሙሉ ጋዝ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። መሣሪያዋ 4,700 ላይ ከቆመች ሞተሩ ትንሽ ነው ለማለት ገና ነው፤ መጀመሪያ ታንቋል። የታነቀን ሞተር በትልቅ ሞተር መለወጥ ገንዘብ ላለው ሰው አያቅተውም። ያነቀው ነገር ካልታወቀ ግን ትልቁም እዚያው ይታነቃል።

የመጀመሪያው አናቂ አየሩ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። ክዳኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 40 ወይም 60 ግን በባሕር ወለል ላይ የሚገኝ ጉልበት ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አራት አምስተኛ ቢሆን ነው፤ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ 18 በመቶ ያህሉን እዚህ ያጣል። በዚህ ስሌት አርባው 33፣ ስድሳው 49፣ ዘጠናው 74 ነው። ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ አይሻልም። የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅ 1,100 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ኪሳራው ወደ 11 በመቶ ይወርዳል፤ አርባ ምንጭ ላይ ደህና ትሮጥ የነበረች ጀልባ ጣና ስትመጣ ብትለግም አይግረማችሁ። ዱባይ ወደብ ላይ ተሞክሮ «ሙሉ አቅሙን ይሰጣል» የተባለ ሞተርም እዚህ ደርሶ የሚደክመው ሻጩ ስለዋሸ አይደለም።

አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ውኃው አይሳሳም፤ ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ ጣና ላይ የሚገፋው ውኃ ምጽዋ ላይ ከሚገፋው እምብዛም አይቀልም፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሞተር ግን ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ጥሎ መጥቷል። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት በዙሩ ኩብ ስለሚያድግ፣ 5,500 መምታት የሚገባው ሞተር 5,150 አካባቢ ላይ ይቆማል። 350 ዙር ማለት በእኛ ሥራ የሁለት ኢንች ጉዳይ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ስፋቱ ነው፣ ሌላው ፒች የምንለው፣ ውኃው ላይ ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር ወደፊት የሚራመደው ርቀት ነው። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። እንግዲህ 13 ፒች ተገጥሞለት የመጣን ሞተር ወደ 11 ማውረድ ነው።

ደንበኞቼ ይህን ምክር አይወዱትም። ትንሽ ቁጥር ትንሽ ፍጥነት ይመስላቸዋል። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚሄድ መኪና ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ግን ሁሉም ያውቃል። ፕሮፔለር የሞተሩን ዋጋ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ያወጣል፤ ቀይረን ሙሉ ሰው ጭነን ስንመለስ «ሌላ ሞተር ነው እንዴ የገጠምከው?» የሚል አይጠፋም።

ባለካርቡራተር ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ስለማይቀንስ ካንዴላው ጠቁሮና ረጥቦ ይወጣል፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትለካዋን ቀዳዳ ናስ በጠበበች መለወጥ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የጎደለውን አየር ግን እነሱም ከየትም አያመጡትም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጀልባዋ አሁንም ካልሮጠች ወደ ሆዷ እንሄዳለን። ክብ ሆድ ያላት ከባድ የብረት ወይም የእንጨት ጀልባ ውኃውን ሰንጥቃ ነው የምትሄደው፤ የምትፈጥረው ማዕበል ከፍጥነቷ ጋር እየረዘመ ሄዶ የራሷን ቁመት ሲያክል እዚያው ትታሰራለች። ውኃ ላይ 9 ሜትር የሆነች ጀልባ ገደቧ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለት መቶ ፈረስ ቢሰቀልባት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ፣ ጅራቷን ወደ ውኃ አድርጋ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ ሩጫ አይገኝባትም። ለእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ ባለቤት የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ሞተሩን አይንኩት።

ጠፍጣፋ ሆድ ያላት የፋይበር ጀልባ የተለየች ናት። እሷ ከማዕበሏ ላይ ወጥታ ውኃውን እየገረፈች መንሸራተት ትችላለች፤ ስፒድ ቦት የምትባለውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን መንሸራተት ከመጀመሯ በፊት የራሷን ማዕበል እንደ ጉብታ መውጣት አለባት። የትልቅ ሞተር ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያለው ይህ ጉብታ ላይ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቱሪስትና ተሳላሚ ወደ ዘጌ የሚያመላልሱ። ጀልባቸው 7 ሜትር የምትሆን ፋይበር ናት፣ ሞተሯ ባለሁለት ስትሮክ አርባ። ባዶዋን ትንሸራተታለች፤ አሥር ሰው ሲሳፈር ግን አፍንጫዋን አንሥታ እየተንፏቀቀች ነው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ የምትደርሰው። ስድሳ ለመግዛት ቆርጠው መጡ።

«እርስዎ አሥር ሰው መጫኑን አይተዉም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በአምስት ሰው ቤንዚኑንም አይከፍል።»

ወረቀት ላይ አብረን ደመርን። ጀልባዋ 650 ኪሎ፣ ሰዉ ከነነጂው ከ700 በላይ፣ ሞተር፣ ቤንዚን፣ ዕቃ፤ በድምሩ 1,550 ኪሎ ገደማ። ጭነት ያለባት ጀልባ ያለ ጭንቅ እንድትንሸራተት ለአንድ ፈረስ ጉልበት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢደርስ ነው ደግ። በአርባው፣ ማለትም ጣና ላይ በ33፣ ለአንዱ ፈረስ 47 ኪሎ ይደርሰዋል። በስድሳው ወደ 32 ይወርዳል። በዘጠናው፣ ሞተሩ ራሱ ስለሚከብድ፣ 22። ስድሳው ጉብታውን ግማሽ ወጥቶ የሚቀር ሞተር ነው፤ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየጎተተ፣ ትልቅ ማዕበል ወደ ኋላ እየላከ፣ 20 ሊትር እየጠጣ። ዘጠናው ጉብታውን ካለፈ በኋላ ጋዙ ተቀንሶ በዚያው 20 ሊትር 35 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አይገርመኝም። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ትልቁ ሞተር ቤንዚን የሚቆጥበው ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። እኔ የምለው ይህንን ነው፤ ወይ ባለው ሞተር ፕሮፔለሩን አስተካክሎ መቀመጥ፣ ወይ ጉብታውን በሚያሻግር ሞተር መዝለል። መካከለኛዋን ደረጃ የሚገዛ ሰው ከሁሉ የከፋውን ገዛ። ሻጮች በብዛት የሚያሻሽጡት ግን ይህችኑ መካከለኛዋን ነው፤ ዋጋዋ ለኪስ ስለምትቀርብ።

ዘጠና ለማለት ግን አፍ ይቀላል። የአርባው ባለሁለት ስትሮክ ክብደት 75 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለአራት ስትሮኩ ዘጠና 165 አካባቢ ይገባል። ይህ ልዩነት ከጀልባዋ መሐል ሳይሆን ከመጨረሻዋ ጫፍ ውጭ ነው የሚንጠለጠለው። የኋላው ግድግዳ በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ከሆነ ውስጥ ለውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። በመዶሻ እጀታ ሙሉውን እያንኳኳሁ እሄዳለሁ፤ ደረቅ ድምፅ ሲሰጥ የቆየው አንድ ቦታ ላይ ድፍን ካለ እዚያ ውኃ ገብቷል። ከዚያ ሞተሩን አንሥቼ እግሩን በሁለት እጄ ወደ ታች እጫነዋለሁ፤ ግድግዳው አብሮ ከተነፈሰ የሞተር ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል፣ መጀመሪያ ግድግዳው ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ የሚያንሱ የሞተር ጀልባዎች የሚሸከሙትን ትልቁን ሞተር የሚናገር ሰሌዳ እንዲለጠፍባቸው ሕግ ያስገድዳል። ባለመሪና ባለ20 ኢንች ግድግዳ ለሆኑት ስሌቱ ቀላል ነው፤ ርዝመቱን በኋላ ስፋቱ በጫማ አባዝቶ፣ በሁለት አብዝቶ፣ 90 መቀነስ። 16 በ6 የሆነችው 102 ይመጣላታል፣ ወደ 105 ይጠጋጋል። እዚህ የተሠሩት ጀልባዎች ብዙዎቹ ሰሌዳ የላቸውም፤ እኔም ለትንንሾቹ ይህንኑ ስሌት ነው መነሻ የማደርገው።

የእግሩ ርዝመትም አለ። ትንንሽ ሞተሮች በ15 ኢንች ይገኛሉ፣ ዘጠናው ግን ወይ 20 ወይ 25 ነው። ለአጭር እግር የተቆረጠች ግድግዳ ላይ ረጅሙን ብትሰቅለው እግሩ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ራሱ ጎታች ይሆናል። በእጅ ዘንግ የምትነዳዋ ጀልባ ደግሞ በዚህ ጉልበት ዘንጉን ለአንድ ሰው ክንድ መተው ስለማያዋጣ መሪና ገመድ ትፈልጋለች። ነጂው ክንድ ላይ የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድም ጌጥ መሆኑ ያበቃል፤ ነጂው ከጀልባዋ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ይህ ገመድ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይዋኛል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉማሬና ግንድ በሩቁ አይለዩም።

የእምቦጭን አረም ሳልጠቅስ አላልፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ጀምሮ የሞተር ሥራችንንም ለውጦታል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ እግሩ ላይ ያለውን የውኃ መሳቢያ ይደፍናል። ትልቅ ሞተር ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ከጎኑ የምትፈሰው የማቀዝቀዣ ውኃ ከቀጠነች ነጂው ለማየት ያለው ጊዜ አጭር ነው። ውኃ የሚስበውን የጎማ ክንፍ በየጊዜው መለወጥ የሚታክተው ሰው ትልቅ ሞተር ባይገዛ ይሻለዋል።

ጉብታውን ያለፉትስ? ዘጠና ይዞ 40 የሚሮጥ ወጣት 115 ሲጠይቀኝ ሌላ ሒሳብ ነው የማሳየው። ከተንሸራተቱ በኋላ ፍጥነት የሚያድገው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ነው፤ ጉልበቱን እጥፍ ብታደርገው ፍጥነቱ የሚጨምረው 41 በመቶ ነው፣ ያውም ክብደቱ ካልጨመረ። ከ90 ወደ 115 ሲኬድ 13 በመቶ ቢገኝ ነው፤ 40 የነበረው 45 ይሆናል። በ15 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ ትርፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ «ቀስ በል!» ስለሚል እሷም ትቀራለች። ወጣቶቹ ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ 115 ይገዛሉ። ገንዘባቸው ነው፤ እኔም እገጥማለሁ።

ሽማግሌው ደንበኛዬ ዘጠናውን ገዙ። ግድግዳውን አጠናክረን፣ ባለዝቅተኛ ፒች ፕሮፔለር አዝዘን፣ ክብደት ለማመጣጠን የቤንዚን ታንኩን ወደ መሐል አመጣነው። ከዚያ በጣም የከበደኝን ነገር ነገርኳቸው፤ አዲስ ባለአራት ስትሮክ ሞተር የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ተገርቶ ነው የሚሠራው፣ የመጀመሪያው ሰዓት በዝቅተኛ ዙር፣ ከዚያም ሙሉ ጋዝ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተሰጠ። «ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ በዝግታ ልሂድ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዘጌ ደርሰው እስኪመለሱ ከወደቡ ሳልነቃነቅ ጠበቅኋቸው፤ እንዳልኩት ነድተው ነበር፣ ቢያንስ ዓይኔ እስከሚያይበት ድረስ።