በነፃ ከተሰናበቱ በኋላ

የጥንቱ ግሪክ ተረት ንጉሥ የኤዲፐስ ጠበቃ ብሆን መዝገቡ እንቅልፍ አይነሳኝም ነበር። በሦስት መንገዶች መገናኛ ላይ የገደለው ሽማግሌ አባቱ መሆኑን አያውቅም። ጠቡን የጀመሩትም ሽማግሌውና አጃቢዎቹ ናቸው፤ ከመንገድ ሊያስወጡት ገፉት፣ እሱ ነጂውን ሲመታ ሽማግሌው ከሠረገላው ላይ ሆኖ አናቱን አለው። ዐቃቤ ሕግ አጃቢዎቹንም መግደሉን አንሥቶ መከላከሉ ከመጠን አልፏል ሊል ይችላል፤ እሱ ላይ እንከራከራለን። አባቱን ገደለ፣ እናቱን አገባ የሚለው ክስ ግን አይቆምም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 57 ጥፋት በሌለበት ድርጊት ማንም አይቀጣም ይላል።

ይህን መከላከያ የአቴናው ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ ራሱ ጽፎታል። በዘጠና ዓመቱ ገደማ በጻፈውና ከሞተ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401፣ የልጅ ልጁ ለመድረክ ባበቃው «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ውስጥ ዕውሩ ሽማግሌ ኤዲፐስ የሚከስሰውን ክሬዎንን አፋጥጦ ይይዘዋል፦ ሊገድለው የመጣበትን ሰው አባቴ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ቀደም ብሎ በጻፈው «ንጉሥ ኤዲፐስ» ግን ሰውየው እንዲህ ያለ ክርክር አያነሣም። እውነቱን ባወቀባት ሰዓት ከሞተችው ከእናቱና ሚስቱ ከዮካስታ ልብስ ላይ የወርቅ መርፌዎቹን ነቅሎ ዐይኖቹን ደጋግሞ ይወጋል። መከራውን ያመጣው አምላኩ አፖሎ ቢሆንም የመታው እጅ የራሱ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በአፖሎ የትንቢት ስፍራ በዴልፊ የተነገረው አባቱን እንደሚገድልና እናቱን እንደሚያገባ ነበር፤ ስለ ዐይን ያነሣ የለም። ነቢዩ ጢሬስያስ ዕውርነቱን አስቀድሞ ቢያይም አላዘዘውም። ምርመራውንም እንዲቀጥል ያስገደደው ማንም አልነበረም። ዮካስታ ተው ብላ ለምናዋለች፣ እረኛው አትጠይቀኝ ብሎ ተማጽኗል፤ እሱ ግን ቴብስን ከመቅሠፍት ለማዳን የጀመረውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ገፋበት። ድርጊቱ የዕጣ ፈንታ ነው ቢባል እንኳ ማወቁ የራሱ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ መከራ የሚመጥን ጥፋት ይፈልግለታል፤ ትዕቢተኛ ነበር፣ ቁጡ ነበር ይላል። ቁጡስ ነበር። ነገር ግን ቆሮንቶስን ጥሎ የወጣው አባቴ የሚለውን ሰው ላለመግደል ነው፤ የሸሸበት መንገድ ራሱ ከእውነተኛ አባቱ ከላዮስ ጋር አገናኘው። ጥፋት ስናገኝለት የምናጽናናው ራሳችንን ይመስለኛል፤ ጥንቁቅ ሰው እንዲህ አይደርስበትም ለማለት።

አቴናውያን ጉዳዩን በሕጋቸውም ያውቁታል። ከልደት በፊት በ409 ገደማ ዳግም በድንጋይ የተቀረጸው የድራኮን ሕግ ሳያስብ የገደለ ሰው አገር ጥሎ እንዲሄድ ያዝዛል፤ ሆን ብሎ የገደለ በአርዮስፋጎስ ችሎት ሲዳኝ ሳያስብ የገደለው ሰው ጉዳይ በሌላ ችሎት ይታይ ነበር። የሟች አባት፣ ወንድሞችና ልጆች ሁሉም ከተስማሙ ይታረቃል፤ አንዱ እምቢ ካለ የእምቢተኛው ቃል ይጸናል። ይህ ለእኛ አገር ጠበቃ ባዕድ አይደለም። በመኪና አደጋ መዝገብ ከዳኛው ሌላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አሉ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረኝ፤ ሕፃን ድንገት ሮጦ ገብቶበት። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን በተፈቀደው ፍጥነት ይነዳ እንደነበርና ፍሬን እንደያዘ አሳየ፤ በነፃ ተሰናበተ። የፍርዱን ግልባጭ ስሰጠው አጥፎ ኪሱ ከተተውና «ጋሼ፣ አባትየውስ ምን አለ?» አለኝ። ፍርዱ ውስጥ የዚህ መልስ የለም፤ እንዲኖርም አይጠበቅም።

ብዙ ባልደረቦቼ ከፍርድ በፊት ሽማግሌ መላክ እንደ እምነት ቃል ይቆጠራል ብለው ደንበኛቸውን ይከለክላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ አልስማማበትም። ኤዲፐስ በኮሎኖስ አላጠፋሁም ብሎ ከተከራከረ በኋላ፣ ሴት ልጆቹን ያስመለሰለትን የአቴና ንጉሥ ቴሴዎስን ሊያመሰግን እጁን ዘርግቶ፣ እንደ እኔ ያለ የረከሰ ሰው እንዴት ይነካሃል ብሎ መልሶ ይሰበስበዋል። ንጹሕነቱም ሸክሙም በአንድ ሰው ላይ አብረው ቆመዋል፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐዘን ቤቱ እንዲደርሱ የምመክረው ለዚህ ነው።